ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት፦ የተቆረጠ እጅን የምመረምርበት መንገድ

በምሠራበት ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል የበዓል ዋዜማ የቢላዋ ቁስል የሚበዛበት ቀን ሲሆን፣ ብዙዎች ቁስላቸውን በቡና ዱቄት ደፍነው ይመጣሉ፤ የእኛንም እጥበት ያከብዱብናል። ደሙን የማቆመው በንጹሕ ጋውዝ ጫን ብዬ በመያዝና እጁን ከፍ በማድረግ ነው። ደም በሞላው ቁስል ውስጥ የደም ሥር በመቆንጠጫ መፈለግ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አላደርገውም። ቀለበት ካለ ጣቱ ሳያብጥ አወልቃለሁ።

ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ የስሜት ምርመራ ዋጋ ስለሌለው፣ ሊዶኬይኑን ከመቅዳቴ በፊት የጣቱን ጫፍ በግራም በቀኝም ነክቼ ከጤነኛው እጅ ጋር እንዲያነጻጽርልኝ ሕመምተኛውን እጠይቃለሁ። በጣት ላይ ነርቩ ከደም ቧንቧው ይልቅ ወደ መዳፍ በኩል ስለሚገኝ፣ በዚያ በኩል ደሙ የሚፈናጠር ከሆነ ነርቩም ሳይቆረጥ እንዳልቀረ እጠረጥራለሁ። ቀጥሎ የመሐለኛውን አንጓ ይዤ ጫፉን እንዲያጥፍ፣ ከዚያም ሌሎቹን ጣቶች ዘርግቼ ይዤ የተጎዳውን ብቻ እንዲያጥፍ አደርጋለሁ። በከፊል የተቆረጠ ጅማት ጣቱን ማንቀሳቀስ ስለሚችል፣ እንቅስቃሴውን በእጄ እየተቃወምሁ ሕመምና ድካም መኖሩን አያለሁ።

አንድ ሥጋ ቆራጭ ቢላዋው አንሸራቶት ስለቱን እንደጨበጠ ተቆርጦ መጣ። ጣቱን ዘርግተን ስናየው በቁስሉ ውስጥ ያለው ጅማት ነጭና ሙሉ ነበር። ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ክንድ ላይ በመሆናቸው ጣቱ ቢደነዝዝም መጨበጥ ይችላልና፣ ሲቆረጥ እንደነበረው እንዲጨብጥ ጠየቅሁት፤ ያን ጊዜ የተሰነጠቀው የጅማት ክፍል ተስቦ ከቁስሉ ሥር ብቅ አለ። ቁስሉን በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውኃ) አጥቤ፣ ጣቶቹን አጠፍ አድርጌ በስፕሊንት ደግፌ ወደ ሆስፒታል ላክሁት።

የማገኛቸው አዋቂ ወንዶች አብዛኞቹ የቴታነስ ክትባት መውሰዳቸውን ስለማያስታውሱ ክትባቱን አስጀምራለሁ፤ ቁስሉ የቆሸሸ ከሆነ የቴታነስን መርዝ የሚያከሽፈውን አንቲቶክሲን እጨምራለሁ።

የተሰፋ ሰው ሲወጣ ፋሻው ለ24 ሰዓት እንዳይርስ፣ እጁም ትራስ ላይ ከፍ ብሎ እንዲያድር እነግረዋለሁ። ጅማትና አጥንት ካልተነካ ጣቱን ቶሎ ማንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከመድረቅ የሚያድነው ይህ ነው። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ጣቱ ሙሉ በሙሉ ካበጠ፣ እንደታጠፈ ከቀረና ቀጥ ሲያደርጉት በጣም የሚያም ከሆነ ግን የጅማቱ ሽፋን መመርቀዙን ስለሚያመለክት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መምጣት አለበት።