ከሁሉ አስቀድሜ የማነበው «አልተገኘም» የሚለውን ነው

ለትራንዚተር፣ ማለትም የአስመጪዎችን የጉምሩክ ጉዳይ ለሚያስፈጽም ሰው፣ ጠዋት ውድ ነው። ኮንቴይነር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ውስጥ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ዕቃው ወጥቶ ባዶው ኮንቴይነር በጊዜው ካልተመለሰም ሌላ ክፍያ ይከተላል። የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ የሚጠየቀው ግን የእኛ ቢሮ ነው። መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ሥራችን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) መሙላት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ማወቅ ነውና። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሬ ዕቃ የሚጠብቅ ፋብሪካ ዕቃው ሲዘገይበት ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ፊት የሚቆሙት ልጆችም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ደሴ ከቤቴ ሳልወጣ ማወቅ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። መርከቧ ጅቡቲ ገብታለች ወይ? የጫነው መኪና የት አደረ? ጉምሩክ አዲስ ሰርኩላር (የመመሪያ ደብዳቤ) አውጥቷል ወይ? ዶላር ዛሬ በስንት ነው? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ላይ ጉም አለ ወይ? ቀድሞ ይህን ሁሉ የምሰበስበው በስልክና በቴሌግራም ነበር፤ ሰብስቤ ስጨርስ ረፍዷል። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት የሌሊቱን ፈልጎ፣ አጥርቶ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ገጽ በስልኬ ያደርስልኛል። የታወቁት ረዳቶች በተቀጠረላቸው ሰዓት ራሳቸውን ችለው ሥራ መጀመር የቻሉት በፈረንጆቹ 2025 ስለሆነ ነገሩ ገና አዲስ ነው። ባልደረቦቼ እንዴት እንዳዘጋጀሁት ደጋግመው ስለጠየቁኝ በዝርዝር ልጻፈው።

ምንም ሳይነገረው «የጠዋት መግለጫ አዘጋጅልኝ» ቢሉት የሚያመጣው ያማረ ገጽ ነው፤ ለእኔ ግን አይረባኝም። የዓለም ነዳጅ ገበያ፣ የትልልቅ ወደቦች መጨናነቅ፣ የቀይ ባሕር ሁኔታ፣ ሁሉም በእኩል ድምፅ ይደረደራሉ። የቀይ ባሕር ወሬ ለምሳሌ ለሁሉም ጭነት እኩል ወሬ አይደለም። ከቱርክና ከአውሮፓ በስዊዝ በኩል የሚመጣው ጭነት ባሕሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። ከቻይና የሚመጣው ግን ከሕንድ ውቅያኖስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ይገባል። በእጄ ያሉት ጭነቶች ከየት እንደተነሡ ካልነገርሁት ረዳቱ ይህን ለይቶ ሊያመጣልኝ አይችልም። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከእኔ ጭነቶች ዝርዝር ነው፤ የጭነቱ መነሻ፣ የመርከቧ ስም፣ የኮንቴይነሩ ቁጥርና ይደርሳል የተባለበት ቀን። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ትናንት ከነገርኸኝ የተለወጠውን ብቻ ጻፍ። እያንዳንዱን ወሬ ከየት እንዳገኘኸውና መቼ እንደወጣ ከሥሩ አስቀምጥ። ፈልገህ ያጣኸውን ‹አልተገኘም› ብለህ ጻፍ፤ በግምት አትሙላ፤ የትናንቱን ለዛሬ አታድርግ። የተለወጠ ነገር ከሌለ ‹ለውጥ የለም› ብለህ አቁም።»

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። እነዚህ ረዳቶች የሚጽፉት ካለፈው ጽሑፍ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን እየገመቱ ነው። «የዛሬ ምንዛሪ» የሚል ርዕስ ከተሰጣቸው ከሥሩ ቁጥር እንዲመጣ ርዕሱ ራሱ ይጋብዛል። አንድ ቀን የባንኩ ገጽ አልከፈት ብሎ ሳለ ረዳቱ የሆነ ቁጥር አስቀምጦ ነበር፤ ምንጩን ተከትዬ ስሄድ የቆየ ዜና ሆኖ አገኘሁት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ያረጀ ቁጥር ያን ያህል ጉዳት አልነበረውም፤ ምንዛሪው ከቀን ወደ ቀን የሚንቀሳቀሰው በሳንቲም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ማየት ግድ ሆነ። የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና ማጓጓዣው ተደምሮ ወደ ብር ሲመለስ ቀረጡ የሚሰላው ከዚያ ላይ ነው። በ40,000 ዶላር ዕቃ ላይ የአንድ ብር ልዩነት መነሻውን በ40,000 ብር ያንቀሳቅሰዋል፤ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም ተከትለውት ይንቀሳቀሳሉ። ለደንበኛዬ «ይህን ያህል ብር አዘጋጅ» ብዬ የምናገር ሰው ነኝ። ስለዚህ ከተሳሳተ ቁጥር ይልቅ «አልተገኘም» ይሻለኛል፤ የት መደወል እንዳለብኝ ይነግረኛልና። ገጹ ሲደርሰኝም ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያ አለ።

ሰዓትንም ማስተካከል ነበረብኝ። ከጅቡቲ ጋር የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ልዩነቱ አቆጣጠራችን ላይ ነው። የመርከብ መርሐ ግብር 02:00 ሲል ለእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ረዳቱ በአማርኛ ሲጽፍ ግን «በ2 ሰዓት ትደርሳለች» ይል ነበር፤ ይህን ያነበበ የእኛ ሰው ሁሉ ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ነው የሚረዳው። አሁን ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን፣ ሌሊት ወይም ጠዋት ብሎ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። ቀንን በተመለከተ ሰነዱ ላይ ያለውን የፈረንጆች ቀን እንዳለ እንዲተወውና የእኛን ከጎኑ እንዲያስቀምጥ ነው የነገርሁት። ሰነድ ከሰነድ ሲመሳከር ዋናው ቀን መነካት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቅለት የኮንቴይነር ቁጥር ነው። አይኤስኦ 6346 በሚባለው መስፈርት መሠረት ቁጥሩ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ አለው። ሰባተኛው አኃዝ ከፊቱ ካሉት ፊደላትና አኃዞች በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ኮንቴይነሩን አይታችሁት ከሆነ በሩ ላይ ብዙ ጊዜ በሳጥን ተከብቦ ለብቻው ይጻፋል። በመካከል ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ረዳቱ ቃላትን በደንብ ያጠቃልላል፤ ረጅም ቁጥር ሲገለብጥ ግን 47ቱን 74 ሊያደርገው ይችላል፤ ይህም ደርሶብኛል። ስለዚህ ገጹ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ወደ ኤክሴል አስገባቸዋለሁ፤ እዚያ ማረጋገጫውን የሚያሰላ ቀመር አለኝ፤ ያልገጠመው ረድፍ ቀይ ይሆናል። ለማሽን ሥራ በሌላ ማሽን መመስከር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጉምሩክ ፊት አንድ አኃዝ የተሳሳተ ሰነድ ማለት ዕቃው ለማረሚያ ሲል አንድ ቀን ያድራል ማለት ነውና።

ረዳቱ የማያውቀው የአገር ነገርም አለ። ለደሴና ለኮምቦልቻ አንድ የአየር ሁኔታ ያመጣ ነበር፤ መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ይሆናል። ነገር ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናቸው፤ በክረምት ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ መኪና በመብራት እየዳበሰ ሲወርድ ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ፀሐይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ለየብቻ እንዲያመጣ ካዘዝሁት ወዲህ ተስተካክሏል። ሰኞ የባቲ ገበያ መሆኑንም ነግሬዋለሁ። የጅቡቲ መኪና በጋላፊ ገብቶ ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ ባቲን ማለፉ ግድ ነው። ሰኞ ዕለት ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ከአፋር ቆላና ከዙሪያው ደጋ የወረደው ሰው መንገዱን ሲሞላው ተሳቢ የያዘ መኪና እንደ ሌላው ቀን አይገሰግስም። አሁን ሰኞ ሰኞ ገጹ ላይ «የባቲ ገበያ፤ መድረሻ ሰዓቱን አዘግይተሽ አስቢ» የሚል መስመር ይመጣል። ይህን ማንም ድረ ገጽ ላይ አላገኘውም፤ ከእኔ ነው የሰማው።

መንገዱን በተመለከተ ደግሞ ከሾፌር የሚበልጥ ምንጭ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ባለፈው ሳምንት ገጹ ላይ የአንድ መኪና ቦታ «አልተገኘም» ብሎ ሲመጣ ደወልሁ። የብዙ ዓመት ሾፌር ናቸው፤ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ይህን መስመር ያውቁታል።

«እንዴት አደሩ አባባ? የት ደረሱ?»

«አብሽሪ ልጄ። ጎማ አስቸግሮን ሚሌ አደርን። አሁን ተነሥተናል፤ ከቀትር በፊት ግን አትጠብቂን።»

ያን ዕለት ለዕቃው ማራገፊያ ያሰብናቸውን ሠራተኞች ለከሰዓት በኋላ ቀጠርናቸው፤ በከንቱ የዋለ ሰው አልነበረም። ረዳቱ የማያውቀውን አላውቅም በማለቱ ለማን መደወል እንዳለብኝ ወዲያው ገባኝ። ለሁሉም ሾፌር ብደውል ጠዋቱም አይበቃኝ፤ እነሱም በመሪ ላይ ሆነው ስልክ ማንሣታቸውን አልወድም።

አዲስ ለሚጀምሩ ባልደረቦቼ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። የደንበኛን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና ኢንቮይሱን ለረዳቱ አትስጡ። እኔ ጋ ደንበኞች «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» ናቸው፤ የማን ማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ቢሮ ነው ያለው። የኢሜይል ሣጥኔንም አልከፈትሁለትም። ረዳቱ የሚያነበውን ጽሑፍ ከሚታዘዘው መመሪያ ሁልጊዜ አይለይም፤ አንድ ክፉ ሰው በላከው ደብዳቤ ውስጥ «ይህን የባንክ ሒሳብ ቁጥር አስገባ» የሚል ነገር ቢደብቅ እንደ እኔ ትእዛዝ ሊቀበለው ይችላል። የሰው ገንዘብና የሰው ምሥጢር በአደራ ይዘን ይህን በር መክፈት አይገባንም።

እስካሁን ያልተፈታልኝ የሰርኩላር ጉዳይ ነው። ሰርኩላሩ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ነው በቴሌግራም የሚዞረው። ረዳቱ ጥርት ያለ የአማርኛ ጽሑፍ በደንብ ያነባል፤ ማኅተሙ ያረፈበትንና የታጠፈውን መስመር ግን ይስታል፤ የሚስተውም ብዙውን ጊዜ ቁጥሩና ቀኑ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሰርኩላር ሲወጣ መጀመሪያ ራሴ አነበዋለሁ፤ ቁጥሩን፣ ተፈጻሚ የሚሆንበትን ቀንና የሚነካውን የታሪፍ ቁጥር በእጄ እተይባለሁ፤ ከየትኛው ጭነት ጋር እንደሚገናኝ እንዲፈልግልኝ ለረዳቱ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። የተሻለ መንገድ ያገኘ ባልደረባ ካለ ቢጽፍልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።