ጉዳይን በራስ ሄዶ መጨረስ

በአውስትራሊያ አንድ ሰው ማርጀቱን የሚነግሩት ጉልበቱና ዓይኑ ብቻ አይደሉም፤ መንግሥትም በየጊዜው ያሳውቀዋል። እኔ በምኖርባት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ ዕድሜው 60 የሞላና በሳምንት ከ35 ሰዓት በታች የሚሠራ ሰው የአረጋውያን ካርድ ይሰጠዋል። 67 ሲሞላው ለጡረታ ያመለክታል። የአንጀት ካንሰር መመርመሪያው ዕቃ በየሁለት ዓመቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ 74 ዓመቱን ሲያልፍ ግን መምጣቱ ይቀራል። 75 ከሞላው በኋላ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ የሚታደስለት ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። እኔ ሰባን ተሻግሬያለሁ፤ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ከፊሎቹ ደርሰውኛል፣ የቀሩትን እጠብቃለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በራሴና በእኩዮቼ ላይ የማየው ነገር ነው፦ ገንዘብ ሳንቸገር፣ ሐኪምም ሳናጣ፣ የገዛ ጉዳያችንን በራሳችን መጨረስ እያቃተን መጥቷል።

በቅድሚያ ለዚህች አገር የሚገባትን ልስጥ። ቡና ላይ ስንቀመጥ «እዚህ አገር ሽማግሌ ይጣላል» የሚል ወሬ ይደጋገማል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የአውስትራሊያ ፌዴራል መንግሥት የእርጅና ጡረታን በ1908 በሕግ ደንግጎ በ1909 መክፈል ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ክፍያው የሚወጣው ከአጠቃላይ ግብር በመሆኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ልጅ ስታሳድግ የኖረች እናት እንኳ ገቢዋና ንብረቷ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ታገኘዋለች። ቢያንስ 10 ዓመት በአገሪቱ መኖርን የሚጠይቀው ደንብም በስደተኝነት ተቀባይነት ያገኘውን ሰው አይመለከትም። እኔ በሱዳን በኩል በስደት የመጣሁ ነኝ፤ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ። አሠሪዎች ለሠራተኛው የሚያስቀምጡት፣ ሱፐር የምንለው ቁጠባ በ1992 ሲጀመር ከደመወዙ 3 በመቶ ነበር፤ ዛሬ 12 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ በእኔ ዘመን በጎልማሳነቱ መጥቶ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዛወር የኖረ ሰው ሱፐሩ ስስ ነው፤ ቀጥ አድርጎ የያዘው ጡረታው ነው።

አባቴ እንዲህ ያለ ጡረታ አላየም። ጧሪ ቀባሪው ልጆቹ ነበርን። ይሁን እንጂ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ግብሩን ራሱ ይከፍል፣ ከባላጋራው ጋር ዳኛ ፊት ራሱ ይቆም፣ በሬውን ገበያ አውጥቶ ራሱ ይሸጥ ነበር። የሚጦረው ልጁ ቢሆንም ጉዳዩ የራሱ ነበር። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ የዕለት እንጀራችንን የሚሰጠን መንግሥት ሲሆን ጉዳያችንን የሚጨርሱልን ልጆቻችን ሆነዋል።

እንደሚከተለው ነው የሚሆነው። ጡረታ ከሚከፍለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ «ከሴንተርሊንክ ደብዳቤ ደርሶዎታል» የሚል አጭር መልእክት ስልኬ ላይ ይገባል። ደብዳቤው ያለው ግን ማይጎቭ በሚባለው የመንግሥት ገጽ ውስጥ ነው፤ ያለ ቁልፍ አይነበብም። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ትቀመጥና የይለፍ ቃሉን ታስገባለች። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በመልእክት ይመጣል። መነጽሬን አድርጌ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠርቼላት እስክጨርስ ገጹ ጊዜው አልፎበት ይዘጋል። «ግድ የለም አባዬ፣ እንደገና እንሞክር» ትለኛለች። እንደገና እንሞክራለን። በስተመጨረሻ ሲከፈት፣ ደብዳቤው የሚለው ክፍያዬ እንዳልተለወጠና ምንም ማድረግ እንደማይጠበቅብኝ ነው። እሷም ተነሥታ ለልጆቿ ራት ልትሠራ ትሄዳለች። አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። የሚከብደኝም ይኸው ትዕግሥቷ ነው፤ ሙሉ ቀን ሠርታ የመጣች ልጅ ለእኔ ብላ የምታወጣው ጊዜ ከልጆቿ የተወሰደ መሆኑን አውቃለሁና።

ስልክን የምጠላ ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ለማግኘት ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን ፍቀን፣ ድምፅ እየተቆራረጠ ለጥቂት ደቂቃ የምንነጋገርበትን ዘመን አልረሳሁም፤ ዛሬ ፊቷን እያየሁ፣ የጓሮዋን ጽጌረዳ እያሳየችኝ እስክንጠግብ እናወራለን። በ2020 ሜልቦርን በኮሮና ምክንያት ለወራት በተዘጋችበት ጊዜም ቅዳሴውንና የዘመዱን ድምፅ ወደየቤታችን ያመጣልን ይኸው ስልክ ነው። በየቤተ መጻሕፍቱ ለአረጋውያን በነጻ የሚሰጠውን የስልክና የኮምፒውተር ትምህርትም ተከታትያለሁ፤ አስተማሪዎቹ ደግና ታጋሽ ናቸው። ችግሩ ስልኩ መምጣቱ ሳይሆን፣ እሱ ሲመጣ መስኮቱ መዘጋቱ ነው።

ደንበኛ የነበርሁበት የባንክ ቅርንጫፍ አንድ ቀን በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ተዘጋ፤ ያለው አማራጭ ባቡር ተሳፍሮ ሌላ ሰፈር መሄድ ወይም ስልክ መጠቀም ነው። ቼክም በመንግሥት ዕቅድ መሠረት በ2029 ጨርሶ ይቀራል። ብዙ ሱቆች ካርድ ብቻ መቀበል ሲጀምሩ አረጋውያን አጥብቀው በመጮኻቸው፣ መንግሥት በ2024 መጨረሻ እንደ ምግብና ነዳጅ ያሉ አስፈላጊ ነገሮችን የሚሸጡ ድርጅቶች ጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉ እንደሚያስገድድ አስታወቀ፤ ይህን ስሰማ ከልብ ተደሰትሁ። መብራትና ውሃ ለመክፈል ፉትስክሬይ ወደሚባለው የሜልቦርን ሰፈር ወርዶ ፖስታ ቤት መሰለፍ ለእኛ ለአረጋውያን ጊዜ ማባከን አልነበረም። ልብስ ለብሶ መውጣት ነው፣ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ወዳጅ ማግኘት ነው፣ የቬትናም ተወላጇ ባለ መስኮት «ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ?» ስትል መልስ መስጠት ነው፣ ደረሰኝን አጥፎ ኪስ ከትቶ መመለስ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጣት መጫን ሲተካ ለወጣቱ ሰዓት ተረፈለት፤ ለእኛ ግን ቀኑ ባዶ ሆነ።

ይህ የእኛ የስደተኞቹ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ነው። ሆኖም በ2024 ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ሲዘጉ፣ ቢወድቅ ተጭኖ እርዳታ የሚጠራበት፣ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው መሣሪያ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ልጁ ያለችው ፐርዝ ነው፤ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል። አዲሱን መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን መግለጡን እያየሁ ደህና ማደሩን አረጋግጥ ነበር። እሱም እኔ ሳልጠይቀው የቆሻሻ በርሜሌን መንገድ ዳር ያወጣልኛል።

እሱ ነው የወንዶች ሼድ ወደሚባለው ቦታ የወሰደኝ። በዚህ ስም የመጀመሪያው የተከፈተው በ1998 እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ቶንጋላ በምትባል የገጠር ከተማ ሲሆን፣ ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ደርሰዋል። ጡረታ የወጡ ወንዶች ተሰብስበው እንጨት ይልጋሉ፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናሉ፣ ለሕፃናት መጫወቻ ይሠራሉ። እኔ የአንዲት ወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ፣ አጠገቤ የቆመው ሰው ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሣ የሚስቱን ሞት ነገረኝ። ሥራ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚነግረኝ አይመስለኝም። የእኛ ዕድርና ማኅበር የሚሠሩትን ሥራ እነሱ በመጋዝና በመዶሻ አገኙት፤ ሁለቱም ሰውን የሚያስፈልግ ሰው ያደርጉታል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። የአገራችን ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይወስዳል። አንድ ወዳጄ ሽንቱ ሲቸግረው የዐሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጁን ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ጠየቀው፤ ልጁ አፍሮ፣ በሚያውቃት አማርኛ አሳጥሮ አስተላለፈለት፤ ወዳጄም በልጁ ፊት «ደህና ነኝ» ብሎ ተመለሰ። በሌላ ቀን እንዲያው እየለመንሁት በስልክ አስተርጓሚ እንዲጠራለት አደረግን። ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። ከሌላ ከተማ የአንድ ጎልማሳ ሰው አማርኛ መጣ፤ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ተናገረ፣ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ገለጸ። ወዳጄ ያን ጊዜ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ ደም ማየቱን፣ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ሁሉ ዘረዘረ። እኔ ይህን የሰማሁት ከእሱ ነው፤ ውጭ ሆኜ ነበር የምጠብቀው። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።

ይህ በስልክ የማስተርጎም አገልግሎት እዚህ አገር በ1973 የተጀመረ ነው። እኛ ሳንመጣ፣ ለጣሊያኖችና ለግሪኮች ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው፤ ጥላው ለእኛም ደርሷል። ሆኖም ሰዎቻችን ብዙዎቹ አይጠቀሙበትም፤ ግማሹ ሐኪሙን ማስቸገር ይመስለዋል፣ ግማሹ ልጄ እያለ ባዕድ ለምን ይላል። ልጅ ግን የአባቱን ሽንትና የእናቱን ጡት መተርጎም የለበትም። ለልጁም ከባድ ነው፣ ለሕክምናውም አደገኛ ነው።

ቋንቋ ደግሞ በመጨረሻው ዕድሜ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የመርሳት በሽታ ሲይዝ በጎልማሳነት የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ስትሠራ የኖረች አንዲት እናታችን በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ገብታ ዛሬ የምትናገረው አማርኛ ብቻ ነው። ልንጠይቃት ስንሄድ ከንፈሯ ደርቆ «ውሃ፣ ውሃ» ትል ነበር፤ ተንከባካቢዋ ደግ ልጅ ናት፣ እጇን ይዛ ታባብላታለች፣ ግን አልገባትም። ውሃን፣ ሽንትን፣ ብርድንና ሕመምን በእንግሊዝኛ ፊደል ከነትርጉማቸው በትልቁ ጽፈን ከአልጋዋ በላይ ለጠፍንላት። በ2018 የተቋቋመው ሮያል ኮሚሽን የሚባለው ከፍተኛ አጣሪ አካል የእነዚህን ቤቶች ጉድለት መርምሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በ2021 ያወጣ ሲሆን፣ ከዚያ የመነጨው አዲሱ ሕግ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ አረጋዊው በመረጠው ቋንቋ የመግባባትና አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ ተጽፏል፤ የሚጠይቅለት ቤተሰብ ካልኖረ ግን ከአልጋው ድረስ አይደርስም።

ስለ ሕንፃዎቹም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልቦርን ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ብዙ አረጋውያኖቻችን ይኖራሉ። በ2020 ጁላይ 4 ቀን ዘጠኙ ሕንፃዎች በኮሮና ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተከበው የተዘጉት እነሱ ላይ ነበር። በ2023 ደግሞ የቪክቶሪያ መንግሥት በሜልቦርን ያሉትን 44 ሕንፃዎች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ማቀዱን አስታወቀ። ሕንፃዎቹ አርጅተዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከደጇ ትራም የምትሳፈር፣ ገበያዋንና ሐኪሟን በእግሯ የምትደርስ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት፣ ምንም ያህል አዲስ ቤት ቢሰጣት፣ መኪና ከሌለ ወተት ወደማይገዛበት የዳር ሰፈር ስትወሰድ በራሷ የምትሠራው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ይወሰድባታል። የሚያዛውሯት ሠራተኞች የመኝታ ክፍሎቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ሱቁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውንም እርምጃ እንዲቆጥሩላት እጠይቃለሁ።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ከሥራ እስኪመለሱ መጠበቅ የማያስፈልጋችሁ ጉዳይ ብዙ ነው። ለሴንተርሊንክ ነገር 131 202 ብትደውሉ በቋንቋችሁ የሚያነጋግራችሁ ሰው ይቀርባል። ለሌላው መሥሪያ ቤት 131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚው ሲመጣ የምትፈልጉትን መሥሪያ ቤት ስምና ስልክ ንገሩት፣ እሱ ያገናኛችኋል። ለሐኪም ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ለጸሐፊዋ ንገሯት፤ ሜዲኬር በሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለሚታከም ሰው ሐኪሙ አገልግሎቱን የሚያገኘው በነጻ ነው።