4,294,967,297 እና አካፋዩ 641

በእነዚህ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ቁጥር 4,294,967,297 ነው። የሚገኘውም 2ን 32 ጊዜ እርስ በርስ አባዝተን በውጤቱ ላይ 1 ስንደምር ነው። የማባዣው ብዛት ከ32 ይልቅ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን በተመሳሳይ መንገድ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይመጣሉ፤ አምስቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን አይቶ ቀጣዮቹም ሁሉ ብቸኛ ይሆናሉ ብሎ አመነ።

የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ግን በ1732 ስድስተኛው ቁጥር የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። አካፋዩ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ያስገርመኛል። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ከ64 ብዜት በ1 መብለጥ ስላለበት፣ በቅደም ተከተል የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም 257 ገና ከመነሻው ይወድቃል፤ ምክንያቱም የቀደሙት አምስት ቁጥሮች እርስ በርስ ሲባዙ ልክ 4,294,967,295 ስለሚሰጡ፣ ቁጥራችን ለማንኛቸውም ሲካፈል ከ2 ጋር የሚስተካከል ትርፍ ይኖረዋል። ይህን የ64 ገደብ የሚያስገኘው ደግሞ የፈርማ የራሱ ትንሹ ቲዎረም ነው (ለአንድ ብቸኛ ቁጥር የማይካፈል ቁጥር፣ ከዚያ ብቸኛ ቁጥር በ1 ባነሰ ብዛት እርስ በርሱ ተባዝቶ ለዚያው ሲካፈል ቀሪው 1 ነው የሚለው)፤ መሣሪያው በእጁ እያለ አለመጠቀሙ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ያለ ረጅም ማካፈል የሚሄደው ማረጋገጫ ነው። 641 በአንድ በኩል 5 ሲባዛ በ128 ሲደመር 1፣ በሌላ በኩል 625 ሲደመር 16 ነው። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ፣ በቀሪ ስሌት፣ ማለትም ለ641 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ስናይ፣ እንደ ኔጌቲቭ 1 ይቆጠራል፤ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ ምልክቱ ይጠፋና ቀሪው 1 ይሆናል። ይህ ብዜት በውስጡ አራት 5ዎችን፣ ማለትም 625ን፣ እንዲሁም ሃያ ስምንት 2ዎችን ይዟል። 625 በበኩሉ ኔጌቲቭ 16 ሆኖ ስለሚቆጠርና 16 የአራት 2ዎች ብዜት ስለሆነ፣ የ2ዎቹ ብዛት በድምሩ 32 ይሆናል። እንግዲህ የሠላሳ ሁለቱ 2ዎች ብዜት ከኔጌቲቭ ምልክቱ ጋር ቀሪው 1 ከሆነ፣ ያለ ምልክቱ 1 ሲደመርበት ቀሪው ዜሮ ነው። በእርሳስ ስጽፈው ከአራት መስመር አላለፈም።

ሌላም መንገድ አለ። ቁጥሩ የ65,536 ካሬ ሲደመር 1 መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የ62,264 ካሬ እና የ20,449 ካሬ ድምርም ነው። በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ የሚጻፍ ቁጥር ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ 641ን ጭራሽ ሳንጠራ የፈርማ ግምት እዚሁ ላይ ይፈርሳል። ከ65,537 ወዲህ በዚህ ተርታ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም።