ሮዟ አበበች

ዛሬ ጠዋት ሮዟ ሙዝ አበበች። ፊቴን ሳልታጠብ ነው ያየኋት። ከቅጠሎቿ መሀል ሮዝ እምቡጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደምንበላው ሙዝ ወደ ታች አልተዘነበለም፣ ሽቅብ ነው የሚያየው። አንዱ ሽፋን ገለጥ ብሎ ከሥሩ ቢጫ አበቦች ተደርድረዋል። ልቤ ዘለለ።

አምና የካቲት ጓደኛዬ ከሐዋሳ አራት ፍሬ ይዛልኝ መጣች። ጣት የሚያክሉ፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ ጠጉር ያለባቸው። ሲበስሉ ልጣጫቸው በራሱ ይከፈታል፤ ውስጡ ጥቁር ዘር ነው። የምንበላው ሙዝ ዘር ስለሌለው ከእናቱ ሥር የሚወጣው ቡቃያ ነው የሚተከለው። ይቺ ግን አገሯ ሕንድ፣ አሳም አካባቢ የሆነ የዱር ሙዝ ናት። ሙሳ ቬሉቲና ትባላለች። እኔ ሮዟ ነው የምላት።

የመጀመሪያውን ዙር ገደልኩት። ቸኩዬ፣ ዘሩ ላይ የተጣበቀውን ሥጋ በደንብ ሳላጥብ ዘራሁ። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሻገተ። በጣም አዘንኩ።

12 ዘር ቀርቶኝ ነበር። በአሸዋ አሽቼ አጠብኳቸው። ውሃውን እየቀየርኩ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኳቸው። ከዚያ አሸዋና ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጌ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ዘራኋቸው። መጋቢት ነበር። ባሕር ዳር በመጋቢት ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። የዱር ሙዝ ዘር ይህን መለዋወጥ ይወዳል።

ሚያዝያ አለቀ። ምንም። ግንቦት ተጋመሰ። ምንም። አፈሩን ልደፋው ስል እማዬ አየችኝ።

«ተይው ልጄ፣ የኮባ ዘርም እንዲሁ እንቅልፋም ነው» አለችኝ።

ጓሮ ያለው ኮባ የእሷ ነው፤ ድፎ ዳቦ የምትጋግረው በእሱ ቅጠል ነው። ኮባና ሙዝ ዘመዳሞች መሆናቸውን እኔ አንብቤ ነው ያወቅኩት። እሷ ግን ቅጠሉን ስትቆርጥ ኖራለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ አፈሩ ስንጥቅ ብሎ አገኘሁት። እንደ ጧፍ የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። በሦስተኛው ቀን ጥቅሉ ከጫፉ ይፈታ ጀመር። ቅጠሏ ጥፍሬን አታክልም። ግን መሀሏ ላይ የሚወርደው መስመር፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ስስ ጅማቶች፣ ሁሉም የትልቅ ሙዝ ናቸው። ያን ቀን ሥራ የገባሁት አርፍጄ ነው።

ሦስት በቀሉ። አንዱን ዶሮ ጫረው። አንዱን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከጣና የሚነሳው ንፋስ የሙዝ ቅጠል ስለሚተለትል የቀረችኝን አጥሩ ጥግ ተከልኳት። አሁን ከእኔ ትበልጣለች። ያበበው ግንድ ፍሬውን አድርሶ ይደርቃል፤ ሥሯ ላይ ግን ሁለት ቡቃያ ወጥቷል።

ነገ ቡሄ ነው። ከሰዓት እማዬ ለድፎው ቅጠል ልትቆርጥ ቢላ ይዛ ወጣች። ሮዟ ጋ ቆም አለች። አበባውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ አልፋት ሄዳ ኮባውን ቆረጠች።