ጋዙ የት ሄደ?

ባሕር ዳር ላይ የኤሲ ጥገና ሠራተኛ ስልኩ ፋታ የሚያጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ዝናቡ እስኪገባ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግለው ትውላለች፤ ቤቱ መሽቶም ቶሎ አይበርድም። ታዲያ የሚደውለው ሰው አብዛኛው የሚለው አንድ ነው፦ «ኤሲዬ ጋዝ አልቆበታል፣ መጥተህ ሙላልኝ።»

ይህን በሰማሁ ቁጥር ዓባይ ማዶ የገባሁበት አንድ ቤት ትዝ ይለኛል። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ታመው ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ ሙቀት አይችሉም፤ ኤሲውንም ልጃቸው ነው ለአባቱ ብሎ ያስገጠመው። እሳቸው በር ላይ ተቀበሉኝና ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ።

«ልጄ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጋዝ ይሞላልኛል። ትንሽ ይቆይና ተመልሶ ያው ነው። አሁንስ ሰለቸኝ። የሚሞላ ከሆነ ሙላልኝ፤ ካልሆነም ሌላ ልግዛ፤ ብቻ እውነቱን ንገረኝ።»

«እማማ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኳቸው።

የውስጠኛውን ክፍል ክዳን ከፈትኩት። ፊልተሩ ላይ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ተጋግሮ ወንፊቱ አይታይም። ከጀርባው ያለው መጠምጠሚያ፣ ማለትም ጋዙ የሚዞርበት ጥምዝ ቱቦ፣ ግማሹ በረዶ ሠርቷል። በረዶው ሲቀልጥ ነው ውሃው በግድግዳው ላይ የሚወርደው። በረዶ የሚሠራው ደግሞ በሁለት ዋና ምክንያት ነው፦ ወይ አየር እንደልቡ አያልፍም፣ ወይ ጋዙ ጎድሏል። ሁለቱም ለዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ በረዶ ያየ ሰው ዘሎ ጋዝ መሙላት የለበትም።

ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ማራገቢያው ብቻ እንዲሠራ አደረግኩና በረዶው እስኪሟሟ ፊልተሩን በንጹሕ ውሃ አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣሁት። የውጭውንም ክፍል አጠብን። ሰፈሩ አቧራማ ስለሆነ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ መሐል ለመሐል ተደፍነዋል። ውሃው በቀስታ ነው የሚለቀቀው፤ በኃይል ከተለቀቀ ቅጠሎቹ ይታጠፋሉ። በነገራችን ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ቆላ ካለው አየር ያነሰ ሙቀት ነው ይዞ የሚሄደው። እኛ ዘንድ የውጭው ክፍል ከቆሸሸ ጉዳቱ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ከእጥበቱ በኋላ ቅዝቃዜው ተሻሻለ፤ ግን አላረካኝም። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ስገጥም ግፊቱ ዝቅ ብሏል። ጋዙ በእርግጥም ጎድሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ነዶ አያልቅም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል፤ ከቤት ውስጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ውጭ ይጥላል፣ ይመለሳል። ቀዳዳ ከሌለው ፋብሪካው በሞላው ጋዝ ለዓመታት ይሠራል። ጎደለ ማለት በሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው።

የውጭው ክፍል ላይ ቱቦዎቹ የሚታሰሩባቸውን ዳዶዎች አየኋቸው። አንደኛው ደረቅ ነው። ሌላኛው ላይ ግን አቧራው በዘይት ረጥቦ ጠቁሯል። ጋዙ ሲዞር የኮምፕረሰሩን (ጋዙን አምቆ የሚገፋውን ሞተር) ዘይት ትንሽ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ጋዝ በሚያመልጥበት ቦታ ዘይቱም ይታያል። የሳሙና አረፋ ቀባሁት። አንዲት አረፋ ቀስ ብላ አበጠች፣ ፈነዳች፤ ከዚያው ቦታ ሌላ ተነሣች። እናትየውን ጠራኋቸው።

«ይኸው እማማ፣ በየዓመቱ የከፈሉበት ጋዝ የሚወጣው በዚህ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ታዲያ ይሞላ የነበረው ልጅ ይህን አላየም?»

የማያውቁትን ሰው ሥራ ማማት አልወድም። ግን ይህ በሙያችን የተለመደ ነው፤ ያበሳጨኛልም። ለመሙላት ትንሽ ጊዜ ይበቃል፤ ቀዳዳ መፈለግ ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሞልቶ የሄደው ተመስግኖ ይሄዳል፣ በዓመቱም ይጠራል። ጡረታ ላይ ካለ ቤተሰብ ለአንድ ቀዳዳ በየዓመቱ ገንዘብ መቀበል ልክ አይደለም።

የቀረውን ጋዝ ወደ ሲሊንደር ሰበሰብነው። የቱቦው አፍ ሲታሰር ከመጠን በላይ ጠብቆ ተሰንጥቆ ነበር፤ ቆርጠን አፉን እንደ አዲስ አወጣነው። በናይትሮጅን ግፊት ፈተንነው፣ ከዚያ ቫኩም ሠራን፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጠን አወጣን ማለት ነው። ቫኩም ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ የኮምፕረሰሩን የሽቦ ጥምጥም ይበላል። «በጋዙ ገፍተህ አየሩን አስወጣው» የሚሉ አሉ፤ እሱ አየሩን እንኳ በወጉ አያስወጣም። በመጨረሻ ጋዙን መሣሪያው ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ሞላን። በእጅ ዳስሶ «ቱቦው ቀዘቀዘ፣ በቃ» ማለት አይሆንም። እናትየው የከፈሉት ለአንድ ሙሌት ከሚከፍሉት በለጥ ይላል፤ አዲስ ኤሲ ከሚያወጣው ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

ሁሉም ኤሲ ይጠገናል ማለቴ አይደለም። በዚያው ሰሞን ሌላ ቤት አር-22 የሚባለውን ጋዝ የሚጠቀም አሮጌ ኤሲ ገጠመኝ። የሚያፈሰው የውስጡ መጠምጠሚያ ነው፤ መዳቡ ተበልቶ በብዙ ቦታ ተበስቷል። አንዱን ብትበይደው ሌላው ይከፈታል። አር-22 ደግሞ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። «ታዲያ አዲሱን ጋዝ ሙላበት» አሉኝ ባለቤቱ። አይሆንም ጋሼ፤ የአዲሱ ጋዝ የአር-410ኤ ግፊት የአር-22ን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው፣ ዘይቱም ሌላ ነው። እዚያ ላይ ያለኝ ምክር ቀይሩት ነው፤ ቱቦውንም አብራችሁ።

ሲቀይሩ ትልቁን ሊገዙ ነበር። ለአንዲት መኝታ ቤት ብዙውን ጊዜ 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ይበቃል። 18,000 ከገጠምክባት ቶሎ ያበርድና ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሣል፣ ይጠፋል። ኮምፕረሰሩን የሚጎዳው ይህ መነሣትና መጥፋት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይታገሡት፤ ይህን በራሱ የሚያዘገይ መከላከያ ገበያ ላይ አለ።

ከእኛ ጋር የሚሠሩት ልጆች አሁን አረፋ ሳይቀቡ ጋዝ አይሞሉም። የእናትየውን ቤትም የማየው የካቲት ላይ ነው፤ የውጭውን ክፍል አጥባለሁ፣ ዳዶዎቹን በአረፋ እፈትሻለሁ። ፊልተሩን የልጅ ልጃቸው በየጊዜው ታጥበዋለች። ሚያዝያ ላይ የሚደውል ወረፋ ይጠብቃል፤ ወረፋ ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለለው ቫኩሙ ነው።