"ሲቢቲፒ የት ወጣችሁ?"

ጅማ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሙያ ምክር እሰጣለሁ። አዳራሽ ውስጥ የሲቪ ሥልጠና አለ ብለን ስንለጥፍ የሚመጡት ሁሌም እነዚያው ጎበዞች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝ የማይመጡት ናቸው። ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ሲሆኑ ደግሞ መውጫ ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜያቸውን ይወስደዋል።

ስለዚህ እኔው ሄድኩላቸው። ከካምፓሱ በር ውጭ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። አስፈቅጃቸው፣ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ እዚያ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ስለ ሥራ አላነሳም። "ሲቢቲፒ የት ወጣችሁ?" እላለሁ፣ በቃ።

ጅማ የተማረ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል ወሬ እንደሚከፍት ያውቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማኅበረሰብ ተኮር ነው። ሲቢቲፒ በሚባለው የመስክ ሥልጠና ተማሪዎች በቡድን ቀበሌ ወርደው ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፤ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ለይተው መፍትሔ ያቅዳሉ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ ከሌላ ሙያ ተማሪዎች ጋር ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ ቲቲፒ የሚባለውን የቡድን ሥልጠና ይሠራሉ።

አንድ ቀን አንዱ፣ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ምንም ልምድ የለኝም፤ ሲቪዬ ላይ ያለው ስሜና ግሬዴ ነው" አለኝ።

"ቤት ለቤት ስትዞሩ ነዋሪውን በኦሮምኛ ማን ያናግር ነበር?"

"እኔ።"

"ውጤቱንስ ለቀበሌው ማን አቀረበ?"

"እኔና አንዲት ልጅ።"

"ታዲያ እሱን ጻፈዋ!"

እዚያው ስልኩ ላይ ጻፈ። አጠገቡ የነበሩትም ስልካቸውን አወጡ። "በሲቢቲፒ ተሳትፌያለሁ" የምትለዋ ደረቅ መስመር "በኦሮምኛ ቃለ መጠይቅ አድርጌ መረጃ ሰብስቤያለሁ፤ ውጤቱንም ለነዋሪዎች አቅርቤያለሁ" ሆነች። ፈቅዶልኝ፣ ስሙን ሰርዤ፣ የቀድሞውንና አዲሱን መስመር ጎን ለጎን በቴሌግራም ለቀቅሁት። ከዶርም ዶርም የዞረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ "የኔንም እይልኝ" የሚል መልእክት ይመጣልኝ ጀመር። ልጆቹ ሲቀርቡኝ ሌላም ነገር ያነሳሉ። ሥራ እናስገባችሁ ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ሰው እንዳጋጠማቸው ይነግሩኛል። ማስታወቂያ ብቻ ብለጥፍ ኖሮ ይህን አልሰማም ነበር።

አሁን የማምንበት ነገር፣ ጂሲ እስኪሆኑ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ነው። ከሲቢቲፒ በተመለሱ ሰሞን ማን ምን እንደሠራ ሁሉም ያስታውሳል። ሁለት ዓመት ካለፈ ግን "ወጥተን ነበር" ከማለት አያልፉም። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቡድኖቹ ሪፖርታቸውን አቅርበው ሲጨርሱ፣ ከመበተናቸው በፊት፣ አንድ ሰዓት ስጡኝ።