ለልጃችን የስፓኒሽ ቻርተር ትምህርት ቤት እንዴት እንደመረጥን

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ሦስት ዓመት የሚሞላው ልጅ ያለው ወላጅ ገና ብርዱ ሳይወጣ ስለ ትምህርት ቤት ማሰብ ይጀምራል። ከተማዋ ከሦስት ዓመት ጀምሮ በነጻ ታስተምራለች፤ ቦታው የሚገኘው ግን በአብዛኛው በዕጣ ነው። እኛም ለሴት ልጃችን ስንዘጋጅ ከዘመድም ከጎረቤትም የሰማነው ምክር «በሌላ ቋንቋ የሚያስተምሩትን ቻርተሮች ሞክሩ» የሚል ነበር። አንዱ ቻይንኛ ይላል፣ ሌላው ፈረንሳይኛ፣ ሌላው ስፓኒሽ። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛውን ልጃችን ገና ከመጫወቻ ሜዳ እየለቃቀመች ነበር። በዚህ ላይ ሦስተኛ ቋንቋ መጨመር ይጠቅማታል ወይስ ይከብዳታል? መልሱን እንዴት እንዳገኘነው እጽፋለሁ፤ ዘንድሮም በዚሁ ሐሳብ እንቅልፍ ያጡ ብዙ ሐበሻ ቤተሰቦች አሉና።

በቅድሚያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቻርተር ትምህርት ቤት የግል ትምህርት ቤት አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ ይሠራል፣ ክፍያ አይጠይቅም፣ ልጆችን በፈተና መርጦ አያስገባም፤ የሚተዳደረው ግን በራሱ ቦርድ ነው። ዲሲ ውስጥ ለዚህ መንገድ የከፈተው ሕግ የጸደቀው በ1996 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነው። ከቋንቋዎቹ ትምህርት ቤቶች መካከል ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ የሚያስተምረው ኤልሲ ዊትሎ ስቶክስ በ1998፣ ቻይንኛ የሚያስተምረው ዋሽንግተን ዩ ዪንግ ደግሞ በ2008 ተከፈቱ። በ2014 የተከፈተው ዲሲ ኢንተርናሽናል ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የሚወጡትን ልጆች ከስድስተኛ ክፍል ተቀብሎ በጀመሩት ቋንቋ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያደርሳቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ቋንቋው አምስተኛ ክፍል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ የዓመታት ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ኢመርዥን የሚሉት አሠራር በሳምንት ጥቂት ሰዓት ስፓኒሽ መማር ማለት አይደለም። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ መዝሙሩም በዚያ ቋንቋ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ቀኑን ለሁለት ይከፍላል፤ ሌላው አንዱን ቀን በእንግሊዝኛ፣ ቀጣዩን በሌላው ቋንቋ ያውላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሞላ ጎደል ሁሉንም በሌላው ቋንቋ አስተምሮ እንግሊዝኛውን ቀስ በቀስ የሚጨምርም አለ። የየትኛውንም ትምህርት ቤት ስም ከመውደዳችሁ በፊት የትኛውን አካሄድ እንደሚከተል ጠይቁ።

እናቴ ከደሴ በስልክ ስትሰማ ደነገጠች። «ልጄ፣ ሕፃኗን በሦስት ቋንቋ አታስጨንቂያት፤ አንዱንም ሳትይዝ ትቀራለች» አለችኝ። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ይህንኑ ስለሆነ ፍርሃቱን አክብሬ መልሱን ፈለግሁ። የንግግር ባለሙያዎች እንደሚሉት ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም፤ እውነተኛ የንግግር ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታይበታል። ስለ እንግሊዝኛው ደግሞ ያረጋጋኝ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ኦሪጎን ውስጥ በፖርትላንድ ትምህርት ቤቶች ያካሄደው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ የኢመርዥን ዕጣ የወጣላቸውን ልጆች ተመዝግበው ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። የወጣላቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ በሰባት ወር ያህል፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ በዘጠኝ ወር ያህል ቀድመው ተገኙ። በሒሳብና በሳይንስ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አልታየም።

ክፍሎቹን ልብ በሉ፤ አምስተኛና ስምንተኛ ናቸው። ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ጎረቤት ያለ ልጅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብ የእናንተው ገና ፊደል ሊቆጥር ይችላል። የከተማው ፈተና የሚጀምረው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሲሆን በእንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ የሚደናገጥና ልጁን ነቅሎ የሚያወጣ ወላጅ ከመጀመሪያው ባያስገባው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እኔና ባለቤቴ ግን ብዙ የተወያየነው ስለ እንግሊዝኛ አልነበረም። የሚያሰጋን አማርኛችን ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑና በየድግሱ እናያቸዋለን፤ አማርኛ የሚሰሙ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመልሱ፣ አያታቸው ስልክ ስትደውል ሰላምታ ሰጥተው ስልኩን ለእናታቸው የሚመልሱ ልጆች። እንዲህ አሰብነው፦ እንግሊዝኛን መንገዱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ጓደኛውም ያስተምራታል፤ ማንም ባይደክምበት ይመጣል። ስፓኒሽን መምህራን ያስተምሯታል። አማርኛ ግን ከእኛ በቀር ማንም የለውም። እንግዲያው ጥሩ ትምህርት ቤት ማለት ለእኛ ስፓኒሽን በደንብ የሚያስተምር ብቻ ሳይሆን ምሽታችንን የማይወስድብን ነው።

ይህ ሐሳብ ምርጫችንን ከሁሉ በላይ አጠበበው። ቻርተሮች በሰፈር አይከፋፈሉም፤ ልጃችሁ ከከተማው ማዶ ሊመደብ ይችላል። ለአብዛኛው ተማሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም፤ ማድረስና ማምጣት የወላጅ ሸክም ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ በሆስፒታል ፈረቃ ነው የምሠራው። በመንገድ የሚያልፈው ሰዓት ከእራት በፊት አብረን ከምንቀመጥበት ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው፤ ልጃችን አማርኛ የምትናገረው ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስማቸው የገነነ ሁለት ትምህርት ቤቶችን በርቀታቸው ብቻ ተውናቸው። ቻይንኛውንም ያሳለፍነው ስለሚከብድ አይደለም። የምንኖረው ኮለምቢያ ሃይትስ ነው፤ በሕንፃችን ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተሰቦች ይበዛሉ፣ የማዕዘኑ ሱቅ በስፓኒሽ ነው የሚገበያየው፣ አንዳንድ ቀን ልጃችንን የምትጠብቅልን የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችንም የምትናገረው ስፓኒሽ ነው። ልጅ ከክፍል ውጭም የሚኖርበትን ቋንቋ አይጥለውም። ቻይናውያን ጎረቤቶች ያሉት ቤተሰብ የእኔን ምክር በሌላ አቅጣጫ ይውሰደው።

ከዚያ ትምህርት ቤቶቹን ለማየት ወጣን። እንግዳ የሚቀበሉበት ቀን አዳራሽ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ያምራል፤ ሥራው የሚታየው ግን ክፍል ውስጥ ነውና ክፍል ለማየት አጥብቃችሁ ጠይቁ። በአንደኛው ኮሪደሩ በስፓኒሽ ጽሑፍና በባንዲራ አጊጧል። ክፍሉ ውስጥ ግን መምህሯ አንድ ነገር በስፓኒሽ ባዘዘች ቁጥር ረዳቷ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች። ልጆቹ የመምህሯን ቃል አይሰሙም፤ የረዳቷን ነው የሚጠብቁት። በሌላኛው የአራት ዓመት ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መምህሯ ስለ ዝናብ እየተናገረች ጃንጥላ ትዘረጋለች፣ ትከሻዋን ሰብስባ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ትንሽ ልጅ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ውኃ ጠየቃት። አልተቆጣችም፣ በእንግሊዝኛም አልመለሰችለትም። ኩባያውን አነሣች፣ ቃሉን በስፓኒሽ አለችው፣ ጠበቀችው። ልጁ ኩባያውን አየ፣ አፏን አየ፣ ቃሉን አለና ውኃውን ወሰደ። በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም ማለት እችላለሁ።

ቢሆንም ጠየቅን። ካለፈው ዓመት የስፓኒሽ መምህራን ስንቶቹ እንደቀሩ፣ መምህር በዓመቱ መካከል ቢለቅ ማን እንደሚተካ፣ ንባብ የሚቸግረው ልጅ ድጋፉን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያገኝ። ቻርተሮችም ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የመስጠት የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ «እዚህ ያሉት ለቋንቋ ዝንባሌ ያላቸው ልጆች ናቸው» እያለ የሚያለዝብ መልስ ከሰማችሁ ተጠንቀቁ።

የልጁም ጠባይ አለ። ልጃችን አዲስ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ታያለች፣ ከዚያ ትገባበታለች፤ አለማወቅ አያስለቅሳትም። የጓደኛዬ ልጅ ደግሞ የተናገረውን ሰው ካልተረዳው መሬት ላይ የሚወድቅ ልጅ ነው። በዚያ ላይ ቤተሰቡ በሁለት ዓመት ውስጥ ሜሪላንድ ቤት ሊገዛ ያስባል። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ስትለኝ «የሰፈሩን ትምህርት ቤት» አልኳት፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። ለሁለት ዓመት ብቻ የሚቆይ ኢመርዥን ልጁን የሚያስቸግረውን ያህል አይሰጠውም።

ዕጣውን በተመለከተ ሐበሻው መካከል የሚዘዋወረው ወሬ ብዙ ነው። ማመልከቻው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው አንድ መዝገብ ይገባል፤ እስከ አሥራ ሁለት ትምህርት ቤት መደርደር ይቻላል። ለትናንሾቹ ልጆች የሚዘጋው ማርች መግቢያ ላይ ሲሆን ውጤቱ በዚያው ወር መጨረሻ ይነገራል። «ቦታ በቀላሉ የሚገኝበትን አንደኛ አድርጉ» የሚሉ አሉ። አትስሙ። ዕጣው የተሠራው እውነተኛ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል የጻፈ እንዳይጎዳ ተደርጎ ነው። ከደረሳችሁ ትምህርት ቤት በላይ በጻፋችኋቸው ላይ ብቻ ተጠባባቂ ትሆናላችሁ፤ ከበታቹ ያሉት ይሰረዛሉ። ስለዚህ ልጃችሁን የማትልኩበትን ትምህርት ቤት ቁጥር ለመሙላት አትጻፉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ደግሞ የዘመድ አድራሻ ይዛችሁ እንዳትሞክሩ፤ የዲሲ ነዋሪነት በማስረጃ ይጣራል፣ ነዋሪ ያልሆነ ይከፍላል።

አማርኛ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ እንግሊዝኛ እንችላለን ብላችሁ ውሉን ሳትረዱ አትፈርሙ። ምዝገባ ላይ በቤት የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይመጣል። ብዙ ሰው «አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ ልጄን ዝቅ ያደርጉብኛል» ብሎ እንግሊዝኛ ይሞላል። እኛ አማርኛ ብለን ጻፍን። ይህ የሚያመጣው የእንግሊዝኛ ችሎታ ምዘናና፣ ካስፈለገ ተጨማሪ እርዳታ ነው፤ ልጁ ሲደርስበት ይወጣል።

ሁለተኛ ያደረግነው የስፓኒሽ ትምህርት ቤት ደረሰን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ትተኛ ነበር። በክፍል አትናገርም፤ መምህሯ ግን «ትእዛዝ ትፈጽማለች፣ ትዘፍናለች፣ ታገሧት» ብላ አረጋጋችን። ብርዱ ሲበረታ አንድ ምሽት ደረጃው ላይ ለጎረቤታችን በስፓኒሽ መለሰችላት፤ ሴትዮዋ እኔን አቅፋ ሳቀች።

የቤት ሥራው ነበር ሌላው ጭንቀታችን፤ እኔም ባለቤቴም ስፓኒሽ አናውቅም። ከመምህሯ ጋር ተነጋግረን አንድ ልማድ አበጀን፦ ልጃችን መጽሐፉን በስፓኒሽ ታነብልናለች፣ ቀጥላ በአማርኛ ትተርክልናለች። በቅርቡ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ስትነግረን ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየሳበች ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ ወደ ላይ እንደሚሄድ አሳየችን፤ የጎደላትን ቃል ከአባቷ ጠይቃ ቀጠለች። አማርኛዋ ከወተትና ከእንቅልፍ ወሬ አልፎ ወደ ትምህርት የገባው በዚህ መንገድ ነው። እሑድ ፊደል ትቆጥራለች፤ ስፓኒሹ ሲበረታ ይህን ሰዓት እንድንነካው የሚፈትን ነገር ይመጣል፣ አልነካነውም።

በሚቀጥለው ዕጣ የታናሽ ወንድሟ ተራ ነው። እህቱ እዚያው ስለምትማር ቅድሚያ ያገኛል፤ ሰዉ ሁሉ ነገሩ እንዳለቀ ይነግረናል። እሱ ግን ከእሷ የተለየ ነው፤ የሚፈልገውን በቃል ሳይናገር እጅ ጎትቶ የሚወስድ፣ ገና በአማርኛውም ቃላት ያነሱት ልጅ ነው። መጀመሪያ የንግግር ምዘና እናስደርግለታለን፤ ከዚያ የሦስት ዓመት ልጆቹን ክፍል እንደገና ቁጭ ብለን እናያለን።